ቡታጋዝ የውሃ ማሞቂያ መሃል ላይ ሲጠፋ፦ ሬጉሌተሩን ከመቀየርዎ በፊት

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። መብራት ስለሚቆራረጥብን ከዓመት በፊት በቡታጋዝ የሚሠራ፣ 6 ሊትር የሚል የውሃ ማሞቂያ ገዝተን ሻወር ቤቱ ውስጥ ግድግዳ ላይ አሰቀልነው። ሲሊንደሩ ውጭ በረንዳ ላይ ነው። ቀን ቀን ደህና ይሠራል። ከኅዳር ወዲህ ግን ባለቤቴ ሌሊት 11 ሰዓት ለሱብሂ ሲነሳ አንዳንዴ ጠቅ ጠቅ ብሎ እንቢ ይላል። ቢበራም 7 ወይም 8 ደቂቃ ላይ ውሃው እየቀዘቀዘ መጥቶ ድርግም ይላል። ሩብ ሰዓት ካሳረፍነው እንደገና ይነሳል። በሩ ገርበብ ሲል የሚሻለው ይመስለኛል፤ ግን ብርዱ አይቻልም፤ መስኮቷንም በላስቲክ ሸፍነናታል። ሠራተኛ ጠርተን ባትሪ ድንጋዩን ቀየረና "ሬጉሌተሩ ደካማ ነው፣ የምግብ ቤቱን ትልቁን እናስገባለት" አለን። ጎረቤቴ ደግሞ ሲሊንደሩ ላይ የፈላ ውሃ አፍስሱበት ትላለች። ባለቤቴ ታጥቦ ሲወጣ ራሱን ያመዋል፣ እሱም ከብርዱ ይሆናል። ሬጉሌተሩን እንቀይር ወይስ አዲስ ማሞቂያ እንግዛ?»

ምላሽ፦ ሁለቱንም ይተዉት። መጨረሻ ላይ እግረ መንገድዎን ጣል ያደረጓት የባለቤትዎ ራስ ምታት ከማሞቂያው መጥፋት ትቀድማለች። ብርድ የሚያመው ሲገቡ ነው እንጂ በሙቅ ውሃ ታጥበው ሲወጡ አይደለም። በተዘጋ ሻወር ቤት ውስጥ ጋዝ እየነደደ የታጠበ ሰው ራሱን ካመመው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብተው ያደሩ ሰዎችን የሚያፍነው ያው ራሱ ጋዝ። ሽታም ቀለምም የለውም። ቡታጋዝ ሲፈስ የሚሸተው መጥፎ ሽታ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው፤ ሲነድ ግን ሽታው አብሮ ስለሚቃጠል «ምንም አልሸተተኝም» ማለት እዚህ ላይ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ይህን እስኪያነቡ ድረስ ላስቲኩን ካላነሱት አሁኑኑ ያንሱት፤ ማሞቂያው ከዚያ ክፍል እስኪወጣ ድረስም በሩ ተዘግቶ ማንም አይታጠብበት።

የደሴን ከፍታ አስገብተን እናስላው። 1 ኪሎ ቡታጋዝ ተሟልቶ እንዲነድ በባህር ወለል ደረጃ ወደ 13 ሜትር ኩብ አየር ይፈልጋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ በሩብ ያህል ስስ ነው፤ እዚህ ያው 1 ኪሎ 17 ሜትር ኩብ ይጠይቃል። 6 ሊትር የሚባለው ማሞቂያ ሙሉ እሳት ላይ በሰዓት 1 ኪሎ ገደማ ይበላል። ሻወር ቤትዎ 2 ሜትር በ1.5፣ ቁመቱም 2.4 ነው እንበል፤ በውስጡ ያለው አየር 7 ሜትር ኩብ ትንሽ ቢያልፍ ነው። በ8 ደቂቃ 130 ግራም ጋዝ ሲነድ ከ2 ሜትር ኩብ በላይ የሆነ አየር ኦክስጅኑን ይነጠቃል ማለት ነው፤ ከክፍሉ አንድ ሦስተኛ ገደማ። እሳቱ መታመም የሚጀምረው ደግሞ ኦክስጅኑ ከ21 ወደ 18 በመቶ ሲወርድ፣ ማለትም ሰባተኛው እጅ ብቻ ሲጎድል ነው። በደንብ በታሸገ ክፍል ይህ 4 ደቂቃ አይሞላም። በር ገርበብ ሲል «የሚሻለው» ለዚህ ነው። አየር ሲያጥረው ራሱን የሚያጠፋ ማሞቂያ አልተበላሸም። አደገኛው ሳይጠፋ የሚቀጥለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሰው ውስጥ ሆኖ ቢያዞረው ወይም ቢወድቅ በሩን በርግደው፣ ጋዙን ዘግተው፣ ወደ ውጭ ያውጡትና ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ወተት ማጠጣት ምንም አይረዳም፤ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው። ለሐኪሙም «ጋዝ ማሞቂያ በርቶ ነበር» ብለው በግልጽ ይንገሩ፤ ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ደም ከጤነኛው ስለማትለይ 97 እያሳየች ልታታልል ትችላለች።

ወደ መጥፋቱ እንመለስ። የርስዎ ማሞቂያ አንድ ሳይሆን ሁለት ችግር ተደርቦበታል ብዬ ነው የማስበው፤ አንደኛው የአየሩ ነው፣ ሁለተኛው የሲሊንደሩ። የሚለዩት በቀላሉ ነው። አንድ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በሩንና መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ማንም ሳይገባ ውሃውን ብቻ ይልቀቁት፤ ሰዓት ይያዙ። 15 ደቂቃ ሳይጠፋ ከሠራ ጥፋቱ የአየር ብቻ ነበር። ክፍት ሆኖም 8 ደቂቃ ላይ ከደከመ ወደ በረንዳው ወጥተው ሲሊንደሩን በእጅዎ ይዳብሱት። ከወገቡ በታች ቀዝቃዛና ላብ ያወረዛ ወይም ነጭ አመዳይ የያዘ ከሆነ ተጠያቂው እሱ ነው። አመዳዩ የሚቆምበት መስመር በውስጡ የቀረው ፈሳሽ ጋዝ ከፍታ ነው፤ ሳይመዝኑ ስንት እንደቀረ ያሳይዎታል።

ጋዙ ሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ነው የተቀመጠው፤ ወደ ማሞቂያው የሚሄደው ከላዩ የተነነው ነው። ለመትነን ሙቀት ይፈልጋል፤ 1 ኪሎ ለመትነን አንድ ባለ100 ዋት አምፖል በአንድ ሰዓት የሚፈጀውን ያህል። ይህን ሙቀት ከራሱ ከፈሳሹ ይወስዳል፤ ፈሳሹ ደግሞ በብረቱ በኩል ከውጭው አየር ይተካል። ቀን ላይ አየሩ ሞቅ ስለሚል የሚወጣውና የሚተካው ይመጣጠናል። በታኅሣሥ ንጋት ግን ከጦሳ ተራራ በሚወርደው ብርድ ሲሊንደሩ ቀድሞውኑ ቀዝቅዞ ነው ያደረው፤ በ8 ደቂቃ ውስጥ ይባስ ይቀዘቅዝና ግፊቱ ይወርዳል፣ እሳቱ ያጥራል፣ ውሃው ለብ ይላል፣ በመጨረሻ ይጠፋል። ሩብ ሰዓት ሲያርፍ ብረቱ ከአየሩ ሙቀት ስቦ ያገግማል። እርስዎ የጻፉት ልክ ይህንኑ ነው።

ሲሊንደሩ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ይብሳል፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። ፈሳሹ ሲያንስ ብረቱን የሚነካበት ስፋት ያንሳል። ደግሞም ቡታጋዝ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው፤ ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ እንኳ ይተናል፣ ቡቴን ግን ዜሮ አካባቢ ሲደርስ መትነኑን ያቆማል ማለት ይቻላል። ቀድሞ ተንኖ የሚያልቀው ፕሮፔኑ ስለሆነ የመጨረሻው ሦስተኛ እጅ ብርድ የማይችል ጋዝ ነው። ሁለት ሲሊንደር ካለዎት ሞላ ያለውን ለማሞቂያው ይስጡት፤ ሊያልቅ የተቃረበውን ወጥ ይሥሩበት፤ ምድጃ የሚስበው ጥቂት ስለሆነ አይከብደውም። ስንት እንደቀረ በትክክል ማወቅ ከፈለጉ ሚዛን ላይ ያውጡት፤ የባዶው ክብደት አንገቱ ላይ በብረት ተመትቶ ተጽፏል፣ ቀሪው ጋዝ ነው። ሲሊንደሩን ከሲሚንቶው አንስተው ጣውላ ላይ ያቁሙት። ብርድ ልብስ አያልብሱት፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ ግን ሲሊንደሩ የሚሞቀው ከውጭ አየር እንጂ ከራሱ ስላልሆነ ብርድ ልብሱ የሚከለክለው የሚገባለትን ሙቀት ነው።

የጎረቤትዎ የፈላ ውሃም ሆነ ከሥሩ ከሰል ማስጠጋት በፍጹም አይታሰብ። ሲሊንደሩ ሲሞላ ከላዩ ባዶ ቦታ የሚተውለት ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ነው፤ ከመጠን በላይ ካሞቁት የደህንነት ቫልቩ ይከፈትና ጋዙን እዚያው በረንዳው ላይ ይተፋዋል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሽቅብ አይበተንም፤ መሬት መሬቱን ይሄድና በበር ሥር ይገባል። ማስተኛትም እንዲሁ ነው፤ የተኛ ሲሊንደር ፈሳሹን ራሱን ወደ ጎማው ይልካል።

ሬጉሌተሩን በተመለከተ ሠራተኛው ተሳስቷል። ሬጉሌተር ግፊት ይቀንሳል እንጂ አይፈጥርም። ሲሊንደሩ ራሱ በብርድ ግፊት ካጣ የምግብ ቤቱ ሬጉሌተር ከየትም አምጥቶ አይሰጠውም። ቀን ላይ ሲሊንደሩ ሲሞቅ ግን የሚያደርገውን ያደርጋል። የማሞቂያዎ ጎን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ይመልከቱ፤ ለቡታጋዝ የተሠራ ከሆነ የጋዝ ግፊቱን አብዛኛውን ጊዜ 2800 ፓስካል ይላል። የምግብ ቤት ሬጉሌተሮች እስከ 2 ባር፣ ማለትም 200,000 ፓስካል የሚለቁ አሉ፤ ይህ ከ70 እጥፍ በላይ ነው። የማሞቂያው የጋዝ ቫልቭ ያንን ለመዝጋት አልተሠራም፤ ውጤቱ በፊት ለፊት የሚወጣ እሳትና ጥላሸት ነው። 2800 ሳይሆን 2000 ተጽፎ ካዩ ደግሞ ማሞቂያው በቧንቧ ለሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ነው፤ ከቡታጋዝ ጋር አይስማማምና ለሸጠው ይመልሱለት።

ሬጉሌተር እውነት ሊያንስ የሚችልበት አንድ መንገድ አለ። ላዩ ላይ በሰዓት ስንት ኪሎ እንደሚያሳልፍ ተጽፏል። 1 ኪሎ ብቻ ከሆነና ምድጃውም ከዚያው ሲሊንደር የሚስብ ከሆነ ማሞቂያው በርቶ ሳለ ምድጃውን ይለኩሱ፤ የማሞቂያው እሳት ካጠረ አንሷል። ያኔም የሚገዛው ግፊቱ ያው ሆኖ 1.5 ኪሎ የሚያሳልፈውን ነው።

ጠቅ ጠቅ ብሎ እንቢ የሚለውን እንየው። ጠቅታው ራሱ ብዙ ይናገራል። ውሃ ሲያልፍ አንድ የላስቲክ ሽፋን ይገፋና ማብሪያዋን ይጫናል፤ ብልጭታው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ጠቅታ ካለ ውሃው የድርሻውን ተወጥቷል፤ የጎደለው ጋዝ ወይም የባትሪ ጉልበት ነው። ባትሪው ብልጭታ ለመስጠት የሚበቃ ሆኖ የጋዙን ቫልቭ ከፍቶ ለመያዝ ላይበቃ ይችላል፤ ስለዚህ «ብልጭ እያለ ስለሆነ ባትሪው ደህና ነው» አይባልም። ትልልቆቹን ሁለት ድንጋዮች አልካላይን የሚለውን ይግዙ። ርካሹ ድንጋይ በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ ሠራተኛው ያስገባው ምን ዓይነት እንደሆነ ከፍተው ይዩት። ሲሊንደር በተቀየረ ማግስት ከሆነ ደግሞ ጎማው ውስጥ አየር ገብቷል፤ ቧንቧውን ሦስት አራት ጊዜ ከፈት ዘጋ ሲያደርጉ ይወጣል።

ጠቅታ ጭራሽ ከሌለ ነገሩ የውሃ ነው። ይህ ዓይነቱ ማሞቂያ ለመነሳት በደቂቃ 2.5 ሊትር ያህልና ከ0.2 እስከ 0.25 ባር ግፊት ይፈልጋል። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ በየ1 ሜትሩ ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ነው፤ ስለዚህ ሮቶው ከሻወሩ 2 ሜትር ከፍ ያለ ቤት ማሞቂያው ጫፍ ላይ ቆሞ ነው የሚሠራው፤ ውሃው ሲጎድል ይጠፋል፣ ሲሞላ ይነሳል። መለኪያው ቀላል ነው። ባለ5 ሊትሯን ቢጫ ጀሪካን ሻወሩ ሥር ያድርጉና ይቁጠሩ፤ ለመሙላት ከ2 ደቂቃ በላይ ከፈጀች ውሃው አይበቃም። መጀመሪያ የሻወሩን ራስና ማሞቂያው ውሃ የሚቀበልበት ላይ ያለችውን ወንፊት ፈትተው ይጠቡ፤ ከክረምቱ ድፍርስ ውሃ በኋላ ደለል ትይዛለች። ካልበቃ ሮቶውን ከፍ ማድረግ ወይም ትንሽ ፓምፕ መጨመር ነው።

ለባለቤትዎ ደግሞ አንድ ነገር። ውዱእ ሲያደርግ ውሃ ላለማባከን ቧንቧውን ክር አሳክሎ ከከፈተው ማሞቂያው አይነሳም፤ ብልሽት አይደለም፣ ውሃው ከ2.5 ሊትር በታች ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ሞላ አድርጎ ከፍቶ ማንቆርቆሪያውን ይሙላ፣ ይዝጋ፣ ከዚያ በማንቆርቆሪያው ያድርግ። ጋዙም ይቆጠባል።

ሌሎቹን የመጥፋት ዓይነቶች ባጭሩ ልንገርዎ፤ የርስዎ ባይሆኑም ነገ ሊመጡ ይችላሉ። በርቶ በ5 ሰከንድ ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ ከእሳቱ ፊት ከቆሙት መርፌዎች እሳት መኖሩን የምታውቀው ቆሽሻለች፤ ጋዙን ዘግተው፣ ባትሪውን አውጥተው በደቃቅ የብረት ሱፍ በቀስታ ይወልውሏት፣ አያጥፏት። ውሃው በጣም ከፋጀ በኋላ ድንገት ከቀዘቀዘ ውሃው አንሶ እሳቱ በዝቷልና የሙቀት መቁረጫው ሥራውን ሠርቷል፤ ጋዙን ይቀንሱ። ልክ 20 ደቂቃ ላይ ከጠፋ ብዙዎቹ ማሞቂያዎች ውስጥ የተገጠመ የሰዓት መቁረጫ ነው፤ ያን ያህል የሚታጠብ ሰው ካለ እሱን ያናግሩት። ወራት ሳይሠራ ቆይቶ ሲበራ እሳቱ በአንድ ወገን ብጫ ከሆነ የጋዙና የአየሩ መደባለቂያ ቱቦ ውስጥ ሸረሪት ድሯን ሠርታለች።

ከፍታውን በተመለከተ ብዙ ሻጭ የማይነግርዎት ነገር አለ። ማሞቂያው ላይ የተጻፈው ኃይል ለቆላ አየር ነው። በጋዝ ሥራ የሚታወቀው ልማድ ለየ300 ሜትሩ ከፍታ ከተጻፈው ኃይል 4 በመቶ መቀነስ ነው፤ ለደሴ አንድ ሦስተኛ ያህል ይሆናል። ያው ዕቃ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ንጹሕ ሰማያዊ እሳት እየነደደ፣ ደሴ ወጥቶ ጫፉ ብጫ ሊሆን ይችላል። የጋዙን መቆጣጠሪያ ሁለት ሦስተኛ ላይ ያቁሙት፤ ከዚያ በላይ አያስኬዱት። በዚህ ልክ በደቂቃ 4 ሊትር ገደማ ለመታጠብ የሚሆን ሙቅ ውሃ ይሰጣል፤ ለአንድ ሻወር ይበቃል። ሲሊንደሩም በዚያው ልክ ያነሰ ስለሚተን የንጋቱ መቀዝቀዝ ይቀንሳል።

ምክሬ ይህ ነው፦ ማሞቂያውን ከሻወር ቤቱ አውጥተው ውጭኛው ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ከየትኛውም መስኮትና በር ቢያንስ 1.5 ሜትር አርቀው ያሰቅሉት። ሙቅ ውሃው የሚገባበት ቧንቧ ከ5 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ በስፖንጅ ይጠቅለሉት። ነፋስ እሳቱን እንዳይነካው ከላይና ከጎን ቆርቆሮ ይከልሉት፤ ከታችና ከፊት ግን ክፍት ይሁን፣ ሳጥን ውስጥ አይቆለፍ። ሻወር ቤት ውስጥ ትቶ «መስኮት ከፍቶ መታጠብ» የሚባለውን አልመክርም፤ በታኅሣሥ ብርድ መስኮት ከፍቶ የሚታጠብ ሰው የለም፣ እርስዎም ላስቲኩን የለጠፉት ለዚህ ነው። አየሩን ከውጭ ስቦ ጭሱን ወደ ውጭ የሚተፋ፣ ሽፋኑ የታሸገ ማሞቂያም አለ፤ ግን ማራገቢያው መብራት ስለሚፈልግ የሸሹት ችግር ይመለሳል። ለሁለት ሰው ከሆነ ባለ30 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለርም ያስቡ፤ 1.5 ኪሎዋት የሆነው ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ 60 ዲግሪ ያደርሰዋል፣ ማታ መብራት ሳለ የሞቀው ንጋት ላይም ሙቅ ነው።

ከተዛወረ በኋላም ንጋት ላይ የሲሊንደሩ ድካም ከቀጠለ ሁለት ሲሊንደር ጎን ለጎን ማገናኘት ነው፤ እያንዳንዱ ግማሹን ስለሚሰጥ በግማሽ ብቻ ይቀዘቅዛል። ይህ ግን ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ባለው መገናኛ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ ብቻ የሚሠራ ነው። ጋዝ የሚተፉትን ቀዳዳዎች ማስፋት፣ የጋዙን ቫልቭ መፍታትም የቤት ሥራ አይደለም። ማንም ሠራተኛ «ሴንሰሩን ዳይሬክት ላድርገው»፣ ማለትም አደጋ ሲኖር ማሞቂያውን የሚያጠፋውን መከላከያ ልዝለለው ካለዎት ዕቃውን ሰብስቦ ይሂድ።

አዲሱ ቦታ ላይ መጀመሪያ ሲያበሩት ሳሙና በጥብጠው በሬጉሌተሩ አንገት፣ በጎማው ሁለት ጫፎችና በማሞቂያው መግቢያ ላይ ይቀቡ። አረፋው እያበጠ ከመጣ ሲሊንደሩን ዘግተው ማሰሪያውን ያጥብቁ፤ ጎማው ራሱ ተሰነጣጥቆ ከሆነ አይጠግኑት፣ ይቀይሩት። አረፋው ዝም ካለ ጀሪካኗን ከሻወሩ ሥር አድርገው፣ ሰዓት ይዘው፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ 15 ደቂቃ ያስኬዱት።